ዋቅጅራ፣ ወቅጅራ፣ ወልደ ጊዮርጊስ፦ የተዛባ የአያት ስም የት ይፈለጋል?

ባለፈው ዓመት የውርስ ፋይል ይዤ አንድ ቢሮ ገባሁ። እጄ ላይ ሦስት ወረቀት ነበር። አንዱ ላይ ቅድመ አያቴ «ወቅጅራ» ነው። ሁለተኛው ላይ «ዋቅጂራ»። ሦስተኛው፣ ጠርዙ የተበላው የግብር ደረሰኝ፣ «ወልደ ጊዮርጊስ» ይላል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሦስቱንም ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና «ወንድሜ፣ ሦስት ሰው ነው ያመጣኸው። የትኛው ነው ያንተ?» አለችኝ።

ሦስቱም የኔ ናቸው። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። ይህን ለማሳመን ግን ከዓመት በላይ ተመላለስኩ። ግማሹ ጊዜ የባከነው የማይሆን ቦታ ስፈልግ ነው።

የምንኖረው በዓለም ገና በኩል ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለኖረ ቤተሰብ ይህ ብርቅ አይደለም። ገበሬው ስሙን በኦሮምኛ ይናገራል፤ ጸሐፊው በአማርኛ ጆሮው ሰምቶ ይጽፋል። ቄሱ ሌላ ስም ያወጣለታል። ጣልያን መጥቶ በራሱ ፊደል ይመዘግበዋል። ቀበሌ ከአፍ ይቀበላል። ከ1984 ወዲህ ደግሞ በቁቤ ይጻፋል። ሰውየው አንድ፣ ስሙ አምስት። ካሳ ወይም ውርስ ሲመጣ አምስቱም ባንዴ ይፈለጋሉ።

መጀመሪያ፦ ስሙ ምን ሆኖ ነው የጠፋው?

የት እንደምትፈልጉ የሚወስነው ይሄ ነው። እኔ ያየሁት አራት ዓይነት መዛባት ነው።

አንደኛው የፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ በሀ ሁ ቅደም ተከተል በተሠራ መዝገብ ላይ ግን ሌላና ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ። «ኃይሉ»ን በ«ሀ» ስር የፈለገ ሰው አያገኘውም፤ ከ«ቸ» ቀጥሎ ነው ያለው። «ዓለሙ»ም ከ«ወ» በኋላ ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ የኦሮምኛን ረጅምና አጭር አናባቢም አይለይም። «ዸ»ን የጥንቱ ጸሐፊ «ደ» አድርጎት ያልፋል። ስለዚህ ዻባ ዳባ ይሆናል፤ ፈይሳም ፋይሳ።

ሦስተኛው ስሙ ጭራሽ የተቀየረ ነው። በክርስትና፣ በትምህርት ቤት፣ በጦር ሠራዊት። ኦነሲሞስ ነሲብ እንኳ ሲወለድ ሂካ ነበር። የፈረስ ስምም አለ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ብዙ ሰው በ«አባ መላ» ነው የሚያስታውሳቸው። ያሳጠረም አለ፦ ገብረ ሥላሴ ገብሬ፣ ኃይለ ማርያም ኃይሌ፣ ተክለ ሃይማኖት ተክሌ።

አራተኛውና ክፉው የአባት ስም መዛባት ነው። ልጁ አጎቱ ቤት አድጎ በአጎቱ ስም ይጠራል። ወይም አባትየው ቀርቶ አያትየው ይጻፋል። እዚህ ላይ ፊደል ብታስተካክሉም ምንም አይፈይድም።

መመዘኛዎቹ

እያንዳንዱን መንገድ በአራት ጥያቄ መዘንኩት። የትኛውን ዓይነት መዛባት ይፈታል? ስንት ትውልድ ወደ ኋላ ይወስዳል? ምን ያህል ገንዘብና ድካም ይጠይቃል? መጨረሻ ላይ ቢሮ ፊት ይቆማል ወይ?

የመጨረሻውን አትናቁት። ለልጆቻችሁ የዘር ሐረግ መጻፍና ለዳኛ ማስረዳት ሁለት ሥራ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት፦ ስሙን ግዕዝ አድርጉት

በ1918 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንድ አሜሪካዊ ሳውንዴክስ የሚባል ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። አናባቢዎቹን ይጥልና ተነባቢዎቹን ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ ተመሳሳይ የሚሰሙ ስሞች አንድ ኮድ ላይ ያርፋሉ። የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስሞች ነው። እኛ ግን ቁጥርም አያስፈልገንም። ፊደላችን ራሱ መላ አለው።

እያንዳንዱን ፊደል ወደ ግዕዝ ቤቱ መልሱት። ካዕቡም ራብዑም ሳድሱም ግዕዝ ይሁን። ከዚያ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አምጡ። ዋቅጅራ፣ ወቅጅራ፣ ዋቂጅራ፣ ሁሉም «ወቀጀረ» ይሆናሉ። ይህን ማስታወሻ ደብተር ጥግ ላይ ጻፉና መዝገቡን በእሱ ፈልጉ። ዓይን ሲለምደው ይፈጥናል።

ድክመትም አለው። ደረሰ እና ዱሬሳ ሁለቱም «ደረሰ» ይሆናሉ፤ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ ስም ሲገጥም ወዲያው አትደሰቱ። ቀዬው፣ ሚስቱ፣ የአጥቢያው ደብር አብሮ መግጠም አለበት።

ሽማግሌና አሮጊት

እዚህ ላይ ረጅም እቆያለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ይህን ወደ መጨረሻ ያቆየዋል። ወረቀት ይጠብቃል፤ ሽማግሌ አይጠብቅም።

በእኛ አካባቢ ዘር መቁጠር ለጌጥ አልነበረም። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ኦርቶዶክሱም ኦሮሞውም ይቆጥራል። ሰባት ትውልድ በቃል የያዘ ሰው ከየትኛውም መዝገብ ቤት ይበልጣል። አራተኛውን ዓይነት መዛባት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ በትክክል የሚፈታው እሱ ብቻ ነው።

አጠያየቅ ግን አለው። «ስሙ ማን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ ስም ብቻ ይሰጧችኋል። «ቤት ውስጥ ማን ይሉት ነበር? ቤተ ክርስቲያን ሲቆርብስ? ሲፎክር ማንን ይጠራል? የክርስትና አባቱ ማን ነበር? የት ተቀበረ? ማን ከማን ጋር ተጣላ?» በሉ። የመጨረሻው ይገርማል። ሰው ስም ይረሳል፤ ጠብ አይረሳም።

ሴቶቹን ስትጠይቁ አንድ ነገር እወቁ። በአንዳንድ የኦሮሞ አካባቢ ምራት የባሏን ወላጆች ስም አትጠራም፤ ለጉ ይባላል። ስሙን የሚመስል ሌላ ቃል ትጠቀማለች። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአያቴ የሰማሁትን ስም ወራት ሙሉ ፈለግኩ፤ ለካስ የአማቷ ስም ሳይሆን የመጠሪያ መተኪያ ነበር። ስለዚህ ስሙን ከምራት ሳይሆን ከልጁ ወይም ከእህቱ ልጅ ጠይቁ። ምራት ግን ሌላውን ሁሉ ታውቃለች።

ቃል ብቻውን ቢሮ ፊት ደካማ ነው። ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ግን ይጠነክራል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስቡ። በ1860 ከመቅደላ በልጅነታቸው እንግሊዞች ወስደዋቸው ቻርለስ ማርቲን ተብለው አደጉ። አገራቸው ሲመለሱ ዘመድ የለያቸው ሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው ይባላል። ስሙ ቢጠፋም ሰው ሰውን አላጣውም።

የዕድር መዝገብ

የኔን ጉዳይ የፈታው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ባዳላ አትፍረዱብኝ።

የዕድር መዝገብ የቤቱን አባወራ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አብረው የሚኖሩትን ወላጆች ይዘረዝራል። ለማን እንደሚከፈል መታወቅ አለበትና። ሰው ሲሞት ቀኑና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዕድር ጸሐፊ ጎረቤት መሆኑ ነው። ባዕድ አይደለም። አንድ ስም ብቻ ጽፎ አይለቅም፤ «ወልደ ጊዮርጊስ ማለት ዋቅጅራ» ብሎ ጎን ላይ ያክላል። እኔ ያገኘሁት ልክ እንዲህ ያለ መስመር ነው፣ በሰማያዊ ቢክ።

ጥሩምባ ነፊውንም አትርሱ። ሰው ሞተ ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ በሚያውቀው ስም ነው የሚጠራው፤ መታወቂያ ላይ ባለው አይደለም። አንድ በዕድሜ የገፋ ጥሩምባ ነፊ የስንት ሰው ሁለተኛ ስም እንደሚያውቅ ብታዩ።

ችግሩ፣ መዝገቡ የሚቀመጠው ሰው ቤት ነው። ጸሐፊው ሲቀየር አሮጌው ደብተር ከቆጥ ላይ ይቀራል፤ አይጥ ይበላዋል። ሂዱና ቡና ይዛችሁ በትሕትና ጠይቁ። ደብተሩን ለመውሰድ አትሞክሩ፤ በስልክ ፎቶ አንሱ። ሽፋኑንና የመጀመሪያውን ገጽም ጨምሩ፣ የማን ዕድር መሆኑ እንዲታወቅ።

ቤተ ክርስቲያን

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ የክርስትና ስም ያኔ ይወጣል። ብዙ ሰው መዝገብ ያለ ይመስለዋል። በገጠር አጥቢያ የጥንቱ ክርስትና በአብዛኛው አልተመዘገበም። የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፦ የሰንበቴ ደብተር፣ ለቤተ ክርስቲያን የሰጡ ሰዎች ዝርዝር፣ በብራና መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የተጻፈ የመሬት ስጦታ። መቃብር ላይ የተቀረጸ ድንጋይ ካለ ደግሞ ሁለቱ ስም አንድ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛውን ዓይነት መዛባት ለመፍታት ጥሩ ነው። አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ። ብራና በእጃችሁ አትገልብጡ፤ መሪጌታው ያንብብላችሁ።

የግብር ደረሰኝና የመሬት ወረቀት

እማማዎች ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በንጉሡ ዘመን መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ይመደብ ነበር፤ ልኩም በጋሻ ይጻፋል። ደረሰኙ ላይ ስም፣ ቀዬ፣ ወረዳ አለ። ቢሮዎች ይህን ወረቀት ያከብራሉ።

ነገር ግን ወጥመድ አለው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ ጭሰኛ ነበር። ግብሩን የከፈለው ባለመሬቱ ነው፤ ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ነው። አያታችሁ ያረሰው መሬት ላይ አያታችሁን ብትፈልጉ አታገኙትም። ስሙ ተሳስቶ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ስላልተጻፈ ነው።

እንዲህ ከሆነ ወደ 1967 ዝለሉ። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን ከባለመሬት ሲያወጣ ገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የአባላት መዝገብ ተያዘ። ብዙ ጭሰኛ በራሱ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የሞተም ቢሆን የልጁ አባት ሆኖ ይገኛል። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ምስክር ወረቀትም አይናቅ። በተለይ ለሴቶች። አያቴ ስሟን ራሷ የጻፈችው እሱ ላይ ብቻ ነው።

ቀበሌና ወረዳ

የቤተሰብ ቅጽ፣ የቤት ቁጥር፣ መታወቂያ። ከ1967 ወዲህ ላለው ጥሩ ነው፤ ከዚያ በፊት የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት መዝገብ ቢደነግግም በተግባር አልዋለም። በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ «የአያቴን የልደት መዝገብ ስጡኝ» ብሎ መከራከር ጉልበት መጨረስ ነው።

ሌላው ራስ ምታት የቦታ ስም ነው። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ሆኗል፤ ናዝሬት አዳማ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ከ2015 ወዲህ ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። ፋይሉ ከቦታው ጋር ተንቀሳቅሷል። መጀመሪያ «የድሮው እገሌ ቀበሌ ፋይል የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰውየውን ስም በኋላ።

ወመዘክርና ስድስት ኪሎ

ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ በ1936 የተቋቋመ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። ቅድመ አያታችሁ ሹም፣ ባላባት፣ የታወቀ አርበኛ ወይም የጦር መኮንን ከነበረ ሂዱ። ተራ ገበሬ ከነበረ ግን እዚያ ሳምንት ከማጥፋት የዕድር ጸሐፊ ቤት አንድ ከሰዓት ይሻላል።

በባዕድ ፊደል የተጻፈ

በጣልያን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933፣ የወጣ ወረቀት ካለ አነባበቡን ቀይሩ። በጣልያንኛ c የሚባለው ፊደል ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» በፊት ሲመጣ «ች»፣ በሌላ ቦታ ግን «ክ» ተብሎ ይነበባል። ቀ እና ከ አይለዩም፤ ጠ እና ተም እንደዚያው።

የባቡር ሠራተኛ ዘር ከሆናችሁ ደግሞ፣ በአቃቂና በዱከም መስመር ብዙ ነው፣ ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ሊሆን ይችላል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን «ች» ብሎ የሚያነበው ch በፈረንሳይኛ «ሽ» ነው። በሁለቱም ጊዜ የግዕዙን ዘዴ አላሉት፦ «ቀ»ን ወደ «ከ»፣ «ጠ»ን ወደ «ተ»፣ «ጨ»ን ወደ «ቸ»፣ «ጸ»ን ወደ «ሰ» አምጡና ፈልጉ።

ኢንተርኔትና የዲኤንኤ ምርመራ

የውጭ የዘር ሐረግ ድረ ገጾች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ ጋ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። ዲኤንኤ ሥጋ ዘመድ ያገናኛል እንጂ ስም አይነግርም፤ የሚያገናኘውም የተመረመረን ሰው ብቻ ነው። ውጭ አገር ለምትኖሩ ይጠቅም ይሆናል። ሰበታ ተቀምጦ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ግን አልመክርም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መንገድ | የሚፈታው | ወደ ኋላ | ወጪና ድካም | ቢሮ ፊት |
|---|---|---|---|---|
| ሽማግሌ | ሁሉንም፣ በተለይ የአባት ስም | እስከ 7 ትውልድ | ታክሲና ቡና፤ ትዕግሥት | በምስክርነት |
| ዕድር | የተቀየረ ስም | ዕድሩ እስከተመሠረተበት | ትንሽ | ደጋፊ ማስረጃ |
| ቤተ ክርስቲያን | የክርስትና ስም | እንደ ደብሩ ይለያያል | ትንሽ፤ ፈቃድ ይጠይቃል | ደጋፊ ማስረጃ |
| የግብር ደረሰኝ | የፊደልና የድምፅ | ንጉሡ ዘመን | ሣጥን መፈተሽ | ጠንካራ፣ ለባለመሬት |
| ገበሬ ማኅበር፣ ቀበሌ | የፊደል | 1967 | ብዙ ምልልስ | ጠንካራ |
| ወመዘክር፣ ጥናት ተቋም | የማዕረግና የፈረስ ስም | ረጅም፣ ለታወቀ ሰው | ቀናት | ጥሩ |
| የባዕድ ፊደል ወረቀት | የድምፅ | የባቡርና የጣልያን ዘመን | ትርጉም ያስፈልጋል | ከተተረጎመ |
| ኢንተርኔት፣ ዲኤንኤ | የሥጋ ዝምድና | ይለያያል | ውድ | ደካማ |

ታዲያ ለእናንተ የቱ?

ጉዳያችሁ ውርስ ወይም ካሳ ከሆነ ከወረቀት ጀምሩ፤ ደረሰኝና የቀበሌ ፋይል። ከዚያ ሁለቱን ስም አንድ ላይ የያዘ አንድ መስመር ፈልጉ፣ ከዕድር ወይም ከሰንበቴ። እሷን መስመር ይዛችሁ ምስክሮች አቁሙ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከእናንተ ጋር ጥቅም የማይካፈሉ ይሁኑ።

ለልጆቻችሁ የዘር ሐረግ መጻፍ ብቻ ከፈለጋችሁ ቢሮ መሄድ አያስፈልግም። ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ከትልቁ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። ሁሉንም አጻጻፍ ጻፉ፤ «ትክክለኛውን» ለመምረጥ አትቸኩሉ።

ገንዘብ የለም? ሽማግሌና ዕድር ይበቃሉ። ጊዜ የለም? አንድ ዘመድ ላኩ፣ የትራንስፖርቱን ቻሉት። «ከውስጥ አወጣላችኋለሁ» የሚል ደላላ ግን አይጠጋችሁ። የተፈበረከ ወረቀት እውነተኛውንም ያስጠረጥራል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ የአያታችሁ ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ከተጻፈ፣ እዚህ ላለው ዘመድ ያንን አትላኩለት። በአማርኛ፣ እንደ «ወቀጀረ» ወደ ግዕዝ ከተመለሰው አጻጻፉ ጋር ላኩለት። ከላቲን ወደ ፊደል መመለሱ ራሱ አዲስ ስህተት ይወልዳል።

የኔ ነገር? የዕድሩ ደብተር ፎቶ፣ ደረሰኙ፣ ሦስት ምስክሮች። ሦስቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑ ተረጋገጠልኝ። ውሳኔው ታትሞ ሲወጣ በደስታ ሳላነበው ፈርሜ ወሰድኩ። ቤት ደርሼ ሳየው «ዋግጅራ» ይላል። አሁን አራት ስም አለው። የማረሚያ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ለሐሙስ ቀጥረውኛል።